የድሮ ሬዲዮ፣ የከተማ ድምፅ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከደጃች ውቤ ሰፈር፣ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎና ከካዛንቺስ የመጡ ናቸው። ረዘም ያለ መልስ የሚፈልጉትን አስረዝመናል፤ በአጭሩ የሚያልቁትን በአጭሩ አልፈናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰፈራችን ለልማት ስለሚነሳ ዕቃ ስናወጣ የአያታችን ባለ እንጨት ሳጥን ትልቅ ሬዲዮ ተገኘ። ከኋላው አምፖል የሚመስሉ መስታወቶች አሉት። ቢያንስ 30 ዓመት አልተከፈተም። ወንድሜ «ሶኬት ላይ ሰክተን እንሞክረው» ይላል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩናላችሁ?
*ከደጃች ውቤ ሰፈር*

መልስ፦ መፍራትዎ ልክ ነው፤ ወንድምዎን ያስታግሱልን። እንዲህ ዓይነቱ ሬዲዮ በመቀመጥ ብዛት አይሞትም። የሚሞተው ሳይፈተሽ ሶኬት ላይ የተሰካ ቀን ነው። ችግሩ ያለው ኮንደንሰሮቹ (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁት ክፍሎች) ላይ ነው። ኃይል የሚያጣሩት ትልልቅ ኮንደንሰሮች በውስጣቸው ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክል በጣም ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አላቸው። ሬዲዮው ሲሠራ ሽፋኑ ራሱን እያደሰ ይቆያል፤ ለዓመታት ኃይል ሲያጣ ግን እየተበላ ይሄዳል። በዚህ ላይ ድንገት ሙሉ ኃይል ሲለቀቅበት ሾርት ይሆንና ሬክቲፋየር ቫልቩን (ቫልቭ የሚባሉት እነዚያ አምፖል መሰል መስታወቶች ናቸው፤ ሬክቲፋየሩ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ነው)፣ ብሎም ትራንስፎርመሩን ይዞ ይቃጠላል። ቫልቭ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን እንደገና ካልተጠመጠመ በቀር መፍትሔ የለውም፤ ያንን ሥራ አጥርቶ የሚሠራ ሰው ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው።

በመጀመሪያ የኋላውን ክዳን በካቻቢቴ ይፍቱና አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያራግፉ። ቫልቮቹን አይንቀሉ፤ የግድ መንቀል ካለብዎ አስቀድመው በስልክዎ ፎቶ አንሥተው የእያንዳንዱን ቦታ ይያዙ። የእያንዳንዱን ቫልቭ የመስታወት ጫፍ በደንብ ይመልከቱ። ከውስጥ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብርማ ወይም ጠቆር ያለ ቅብ ካለው አየር አልገባበትም ማለት ነው። ቅቡ እንደ ወተት ነጭ ከሆነ መስታወቱ የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ አየር ገብቶበታል፤ ያ ቫልቭ አይድንም። ከምናለሽ ተራ መለዋወጫ ቫልቭ ሲገዙም መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ነው።

ከዚያ ገመዱን ይመልከቱ። የድሮ ጎማ ለባሽ ገመድ ሲታጠፍ ይፈረፈራል። በናስትሮ እየጠቀለሉ ማዳን አይቻልም፤ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይቀየር። በሬዲዮው ጀርባ የቮልት መምረጫ ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ 110፣ 127፣ 150፣ 220 እና 240 ተብሎ የተጻፈበት ነው። 240 ካለው እዚያ ላይ ያድርጉት። የከተማችን መብራት 220 ይባል እንጂ ከዚያ የሚዘልበት ሰዓት አለ፤ 240 ላይ የተደረገ ሬዲዮ ድምፁ በጥቂቱ ቢቀንስ እንጂ አይጎዳም። ፊውዙ የተቃጠለ ከሆነ በላዩ ላይ የተጻፈውን አምፔር አንብበው በዚያው ልክ ይተኩት። ሽቦ ማገናኘት ሬዲዮውንም ቤቱንም ለእሳት መስጠት ነው።

አሁን የምንለው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ ይነበብ። አንዳንድ የአውሮፓ ሬዲዮኖች ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የውስጥ ብረታቸው (ሻሲው) በቀጥታ ከአንደኛው የመብራት መስመር ጋር የተገናኘ ነው። እንደ አሰካኩ ሻሲው 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ለመለየት የቫልቮቹን ስም ያንብቡ። ስማቸው በላቲኑ «ዩ» ፊደል የሚጀምር ከሆነ (ዩሲኤች፣ ዩኤል፣ ዩዋይ) ሬዲዮው ከዚህ አደገኛ ዓይነት ነው። በ«ኢ» የሚጀምሩ ከሆነ (ኢሲኤች 81፣ ኢኤል 84፣ ኢዜድ 80) አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለው። በስሙ ብቻ አይተማመኑ፤ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የሬዲዮው ማብሪያ በርቶ፣ በመልቲሜትር ከሶኬቱ እግሮች እስከ ሻሲው ያለውን ሬዚስታንስ ይለኩ። ከእግሮቹ በአንዱ ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉት።

ሻሲው ነፃ ከሆነ ኮንደንሰሮቹን መቀየር ነው። ከመንካትዎ በፊት ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በትልቁ ኮንደንሰር ፖዘቲቭ እግርና በሻሲው መካከል ለ10 ሰከንድ ያህል ይያዙ፤ ከዚያ ቮልቱ ከ10 በታች መውረዱን በመልቲሜትር ያረጋግጡ። ሬዲዮው በሥራ ላይ ሳለ እዚያ ቦታ እስከ 300 ቮልት ይኖራል፤ ካጠፉት በኋላም ሊቆይ ይችላል። በዋናው ማጣሪያ ላይ 50 ማይክሮ ፋራድ ከተጻፈ በ47 ማይክሮ ፋራድ፣ 450 ቮልት፣ 105 ዲግሪ በሚለው ይተኩት። «ትልቅ ከሆነ ይሻላል» ብሎ 220 ማይክሮ ፋራድ የሚገጥም ጠጋኝ ካጋጠመዎ ያስቁሙት። ኢዜድ 80ን የመሰለ ሬክቲፋየር የሚችለው 50 ማይክሮ ፋራድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ኮንደንሰሩን ለመሙላት የሚያልፍበት ኃይል ይገድለዋል።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኮንደንሰር ወደ መጨረሻው የድምፅ ቫልቭ የሚያስገባው ነው። ትንሽ፣ ሰም የለበሰ የወረቀት ኮንደንሰር ሲሆን መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 0.01 ወይም 0.022 ማይክሮ ፋራድ ነው። ይህ ጥቂት እንኳ ካሳለፈ በቫልቩ ግሪድ (የኃይሉን ፍሰት በሚቆጣጠረው የውስጥ ሽቦ) ላይ ፖዘቲቭ ቮልት ይጭናል፤ ቫልቩ ከልክ በላይ ይስባል፣ ብረቱ ይቀላል፣ የድምፅ ትራንስፎርመሩም ይቃጠላል። በ630 ቮልት የፊልም ኮንደንሰር ይቀይሩት። ደህና ይመስላል ብለው አይተዉት፤ የወረቀት ኮንደንሰር በዚህ ዕድሜው ደህና ሆኖ አይገኝም።

ለመጀመሪያው ሙከራ ባለ 60 ዋት የድሮ ዓይነት አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) በአንደኛው መስመር ላይ በተከታታይ ያስገቡ። ሲያበሩት አምፖሉ ለአፍታ ደመቅ ብሎ ከዚያ ቢደበዝዝ መልካም ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ያጥፉት። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ቫልቮቹ በ30 ሰከንድ ገደማ ይግላሉ፣ ድምፅም ይመጣል። ጣቢያውን ሲቀይሩም የማይለወጥ ወፍራም ጉምጉምታ ከሰሙ ማጣሪያው ገና አልተስተካከለም። ድምፅ መጨመሪያውን ሲያዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ቁልፉ ውስጥ አቧራ አለ፤ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ይታጠባል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ የአውሮፓ ሬዲዮኖች ኤፍ ኤም ቢኖራቸው እንኳ ብዙዎቹ የሚደርሱት እስከ 100 ሜጋ ኸርዝ ነው። ስለዚህ 97.1 እና 98.1 ይገቡልዎታል፤ ሸገር 102.1 ግን ከጣቢያ ማሳያው መስታወት ዳር ውጭ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አስተካክላለሁ ብሎ ሽቦዎቹን የሚነካካ ሰው እንዳያስገቡበት።

ጥያቄ፦ በቤታችን ባለው ሬዲዮ መስታወት ላይ ሮም፣ ፓሪስ፣ ለንደን ተጽፏል፤ አዲስ አበባ ግን የለም። ቁጥሩም በሜትር ነው። የከተማችን ሬዲዮ መቼ ነው የተጀመረው? ስሞቹስ ዛሬ ይሠራሉ?
*ከፒያሳ*

መልስ፦ ስሞቹ ዛሬ አይሠሩም። ፋብሪካዎቹ መስታወቱን ያተሙት በጊዜው ለነበሩት የአውሮፓ ጣቢያዎች ነው፤ ጣቢያዎቹ ግን በአገሮች ስምምነት ቦታቸውን ቀያይረዋል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1975 ጄኔቫ ላይ የተደረሰው ስምምነት የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎችን በየ9 ኪሎ ኸርዙ ስላሰለፋቸው የድሮ መስታወት ሁሉ ተዛብቷል። ሜትሩን ወደ ኪሎ ኸርዝ ለመለወጥ 300,000ን በሜትሩ ያካፍሉ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በአጭር ሞገድ ይታወቅበት የነበረው 9705 ኪሎ ኸርዝ መስታወቱ ላይ 30.9 ሜትር ነው፤ «31» የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ።

የአዲስ አበባ ሬዲዮ መነሻው አቃቂ ነው። የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ ጣቢያውን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን ያለቀው በ1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1935) ነው። ዋና ሥራው ከውጭው ዓለም ጋር የሚደረግ የቴሌግራፍና የስልክ ግንኙነት ነበር፤ የዛሬው ዓይነት የቀን ሙሉ ፕሮግራም አልነበረውም። በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ወረራው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚሁ ጣቢያ ለአሜሪካ አድማጮች ንግግር አድርገዋል። የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ማሠራጫ የጣሊያንን ወረራ ለዓለም ማሰሚያ ሆነ ማለት ነው። ይህ በታሪካችን ውስጥ ከሚገባው በታች የሚነገር ነገር ይመስለናል። ከነፃነት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ሥርጭቱ እንደገና ቀጠለ።

ሁለተኛው ትልቅ ምዕራፍ ብሥራተ ወንጌል ነው። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ስቱዲዮው አዲስ አበባ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑት ሁለቱ የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎቹ ከከተማው ውጭ ጌጃ ነበሩ። ድምፁ አፍሪካንና እስያን ያዳርስ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። አያቶቻችን «ያኔ ሬዲዮ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር» ሲሉ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ በከተማው አጠገብ ኃይለኛ ማሠራጫ ነበረ፣ ከተማው ራሱም በኤሌክትሪክ ጫጫታ ገና አልተሞላም ነበር። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አፓርታማ ላይ 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባለ አጭር ሞገድ ሬዲዮዬ ክፍለ ሀገር ስወስደው ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ቤቴ ውስጥ ግን የትም ብወስደው «ዝዝዝ» ብቻ ነው። ሁለት ጠጋኞች «ምንም የለውም» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው?
*ከካዛንቺስ*

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ሬዲዮው ደህና ነው፤ የታመመው በዙሪያው ያለው አየር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ይጠብቁና ሬዲዮውን በድንጋይ ይክፈቱት። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም (ጄኔሬተር ካልተነሣ) አጭር ሞገዱ ነፍስ ይዘራል፤ ቀን ያልሰሟቸውን ጣቢያዎች ይሰማሉ።

መብራት ባለበት ሰዓት ደግሞ ጫጫታው ከቤትዎ ይሁን ከጎረቤት ለማወቅ ሬዲዮውን በድንጋይ አስጀምረው፣ ጫጫታው የበረታበት ቦታ ላይ አቁመው፣ ሌላ ሰው የቆጣሪውን ማጥፊያ ዝቅ ያድርግ። ጫጫታው አብሮ ከጠፋ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ነው። መብራቱን መልሰው ሁሉንም ዕቃ ይንቀሉና አንድ በአንድ ይሰኩ። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨርና የቴሌቪዥን ኃይል ሰጪ ክፍል ናቸው። ሪሲቨርና ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠፉ ሥራቸውን አያቆሙም፤ ከሶኬት ካልተነቀሉ ይጮኻሉ።

ጆሮ ከለመደ የጫጫታው ዓይነት ምንጩን ይናገራል። የኤልኢዲ አምፖል ጣቢያ መፈለጊያውን ሲያዞሩ ብዙ ቦታ ላይ የሚገኝ ወጥ «ዝዝዝ» ነው። ቻርጀር የሚያሰማው ጉብ ጉብ ያለና ቦታውን ቀስ እያለ የሚቀይር ድምፅ ነው፤ አሁን 9500 ላይ የነበረው ከሩብ ሰዓት በኋላ 9520 ላይ ይገኛል። ጁስ ቤት ጎረቤት ካለዎ የመፍጫው ሞተር ሲነሣ ቀጭን ሆኖ የሚወጣ፣ ሲያቆም የሚወርድ ጩኸት ይሰማሉ፤ በሞተሩ ውስጥ ካርቦኑ ሲፋተግ የሚፈጥረው ብልጭታ ነው። የብየዳ ቤት ድምፅ ደግሞ «ጭርርር» ብሎ ይጀምርና በያጁ ዘንጉን ሲያነሣ በአንዴ ይቆረጣል። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚመጣው ሻካራ ነው፤ በበጋ ብሶ ዝናብ ሲጥል የሚጠፋ ከሆነ ምሰሶው ላይ የላላ ብረት እንዳለ ይጠርጥሩና ለመብራት ኃይል ያመልክቱ፤ ለሰፈሩም ደኅንነት ነው። በክረምት ከሰዓት የሚሰማው የሚቆራረጥ «ጧ ጧ» ግን የመብረቅ ነው፤ እሱን የሚያስቆም የለም።

መፍትሔውን ከዕቃው ይጀምሩ። መጥፎውን ቻርጀርና አምፖል ይቀይሩ። ሊቀየር የማይችለው ዕቃ ገመድ ላይ ፌራይት ይግጠሙ፤ በድሮ የኮምፒውተር ሞኒተር ገመድ ላይ የሚያዩት ጥቁር እብጠት እሱ ነው፣ የሚከፈተው ዓይነት ለብቻውም ይሸጣል። ገመዱን ከዕቃው አጠገብ 5 ወይም 6 ጊዜ በውስጡ ያዙሩት። አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ በአጭር ሞገድ ላይ እምብዛም አይጠቅምም፤ ኃይሉ የሚያድገው በዙሩ ቁጥር ስኩዌር ልክ ነውና።

ከዚያ ሬዲዮውን ወደ መስኮት ያምጡት። በግድግዳው ውስጥ ያለው ፌሮ ማዕበሉን ይከልላል፤ ከሽቦዎችና ከቻርጀሮች 2 ሜትር መራቅ ብቻ ትልቅ ለውጥ አለው። ከ6 እስከ 8 ሜትር የሆነ ቀጭን ለባሽ ሽቦ በመስኮት አውጥተው ጫፉን አንቴናው ላይ ይያዙት። ከዚህ ቢረዝም ትንሽ ሬዲዮ ይጨናነቅና ጣቢያዎች እርስ በርስ ይደበላለቃሉ። ሽቦው በምንም መንገድ ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም በታችም አይለፍ፤ ደመና ሲከብድም ወደ ውስጥ ይግባ።

መካከለኛ ሞገድ ላይ የሚያዳምጡ ከሆነ ዘዴው ሌላ ነው። አንቴናው በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለ የፌራይት ዘንግ ስለሆነ አቅጣጫ ይመርጣል፤ ጫጫታው እስኪደክም ድረስ ሬዲዮውን እንዳለ ያዙሩት። በአጭር ሞገድ ማዞሩ ትርጉም የለውም። ሰዓትም ይምረጡ፤ ቀን ከ11 እስከ 17 ሜጋ ኸርዝ፣ ከመሸ በኋላ ከ5 እስከ 9 ሜጋ ኸርዝ ይሻላል። ቀን ዝቅተኛውን ሞገድ የሚውጠው የሰማይ ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይበተናል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለክበባችን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለውን የከተማ ድምፅ በስልኬ መቅዳት ጀምሬአለሁ፤ ልዋጭ፣ ቆራሌው፣ ሊስትሮ፣ ታክሲ። ስሰማው ግን ንፋስ ብቻ ነው፤ ወይም ሁሉም ተቀላቅሎ አንዱም አይለይም። ምን ላድርግ?
*ከስድስት ኪሎ*

መልስ፦ ጥሩ ሥራ ጀምረሻል፣ ቀጥዪበት። ሰፈሮቹ ሲቀየሩ አብሯቸው የሚሄደው መጀመሪያ ድምፅ ነው፤ የሕንፃ ፎቶ የሚያነሣ ብዙ ነው፣ የሊስትሮን ሳጥን የሚቀዳ የለም።

ንፋሱን ለመከላከል የስልኩን ማይክ (ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ያለው ትንሽ ቀዳዳ ነው) በስስ ስፖንጅ ሸፍነሽ በላዩ ላይ ካልሲ አልብሺው። ጀርባሽን ለንፋሱ ስጪ። ስልኩን በእጅሽ አትያዢ፤ የጣትሽ ንቅናቄ ሁሉ ይቀዳል። የሚቻል ከሆነ ደረጃ ወይም ግንብ ላይ በጨርቅ አስቀምጪው።

ቀጥሎ የቅጂውን ዓይነት ቀይሪ። በስልኩ ላይ ያለው ተራ የድምፅ መቅጃ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ የጀርባ ድምፅን ቆርጦ ይጥላል፤ አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ ያንኑ የጀርባ ድምፅ ነው። ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የሚቀዳ መተግበሪያ ፈልጊ፤ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ። በደቂቃ 6 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል። «ጫጫታ ማጥፊያ» እና «ራስ ሰር ማስተካከያ» የሚሉትን አጥፊ። መጠኑን በእጅ ማስተካከል ከተቻለ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 ዴሲቤል (ከዜሮው 12 ዝቅ ካለው) በታች፣ ማለትም ከቀዩ መስመር ራቅ ብሎ እንዲቀር አድርጊ። የሙዚቃ ቤት ሞንታርቦ ድንገት ሲከፈት የተቀደደ ድምፅ በኋላ አይስተካከልም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን ከፍ ይደረጋል።

«ተቀላቅሎ አይለይም» ላልሽው መፍትሔው ርቀት ነው። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሺ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የጎዳናው ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ሊስትሮን ከ5 ሜትር ሳይሆን ከ50 ሴንቲ ሜትር ቅጂ። ብሩሹ ቆዳ ላይ ሲሄድና ሲመለስ ያለውን ሁለት የተለያየ ድምፅ፣ ከዚያም በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን መታ ሲያደርግ ደንበኛው እግር ሲቀይር ትሰሚያለሽ። አንድም ቃል አይነገርም፤ ሁለቱም ተግባብተዋል። ታክሲውንም እንዲሁ። ወያላው «ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ!» ከሚለው ይልቅ ታክሲው ከሞላ በኋላ በመዳፉ ቆርቆሮውን መትቶ ሾፌሩን «ሂድ» የሚልበት፣ ከኋላ «ወራጅ አለ!» የሚባልበት ይበልጥ የከተማችን ነው።

ልዋጭና ቆራሌው በተቃራኒው ከሩቅ ያምራሉ። ጥሪያቸው የተሠራው ግቢ ውስጥ ላለ ሰው ነው፤ የመጨረሻው ድምፅ የሚሳበው አጥር ተሻግሮ እንዲደርስ ነው። ስለዚህ አስፋልት ዳር ቆመሽ አትጠብቂያቸው። ረፋድ ላይ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው፣ ወደ ውስጥ ባለ ሰፈር አንድ ግቢ አስፈቅደሽ ግቢው ውስጥ ቅጂ፤ ጥሪው ከሩቅ ሲመጣ፣ በር ላይ ሲያልፍና ሲርቅ ሳትቆርጪ ያዢው። ሙቀጫው በዚያው ሰዓት ቡና ሲወቀጥ ከተደረበበት አትቆጪ፤ እንዲያውም ያ ነው የምትፈልጊው።

ሰዓቱን ካወቅሽ ብዙ አትለፊም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴና የበኒን መስጊድ አዛን የሚለዩት መኪናው ሳይበዛ፣ ከንጋቱ በፊት ነው። ላሊበሎችም የሚያንጎራጉሩት በዚያው ሰዓት በየደጁ ነው፤ ጎህ ከቀደደ አታገኚያቸውም። ለዚህ ሰዓት ብቻሽን እንዳትወጪ፤ ከቤተሰብ ሰው ጋር፣ ቢቻል ከራስሽ ደጅ ወይም ከጎረቤት በረንዳ ይሁን።

በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ በራስሽ ድምፅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ተናገሪ፦ «ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ በስተ ቀኝ»። ከዚያ 10 ሰከንድ ዝም ብለሽ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳትንቀሳቀሺ ቅጂ። ባለ ድምፁ ሰው በቅርብ የሚሰማ ከሆነ አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ ሥራውን ስላስቆምሽ ጫማሽን አስጠርጊ ወይም ዕቃ ሽጪለት። በመጨረሻ ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱ ከስልክሽ ውጭ ይሁን። በቴሌግራም መላክ ማስቀመጥ አይደለም፤ እንደ ድምፅ መልእክት ከተላከ ተጨምቆ ይደርሳል። መላክ ካለብሽ እንደ ፋይል ላኪው።

ጥያቄ፦ የሌሊት ጥበቃ ነኝ፤ ሬዲዮ ጓደኛዬ ነው። 3 ትልልቅ ድንጋይ ይበላል፤ ቶሎ ቶሎም ያልቃል። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ አንዳንዴም እነክሰዋለሁ፤ ትንሽ ይሠራና ይቆማል። ሰሞኑን ደግሞ ፈሰሰና ሬዲዮው ጠፋ። ይድናል?
*ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ ይድናል። ፀሐዩና እረፍቱ ጥቂት ደቂቃ የሚጨምርልዎ በውስጡ የተከማቸው ጋዝና ጨው ስለሚበተን፣ ሙቀቱም ኬሚካሉን ስለሚያፈጥነው ነው፤ አዲስ ኃይል አይፈጠርም። በተራው ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ኃይል ሆኖ የሚያልቀው የዚንክ ግድግዳው ራሱ ስለሆነ ያለቀ ድንጋይ ግድግዳው ስስ ነው። ሲሞቅና ሲነከስ የሚፈስሰው ለዚህ ነው። ጥርስዎንም ይጎዳሉ፤ ፈሳሹም ለአፍ አይሆንም።

ድንጋዮቹን አውጥተው ይጣሉ። የተራ ድንጋይ ፍሳሽ አሲድነት ስላለው አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ስኒ ውኃ በጥብጠው፣ ጥጥ በእንጨት ጠቅልለው ስፕሪንጉንና ብረቱን ይጥረጉ። ድንጋዩ አልካላይን የሚል ከነበረ ፍሳሹ ተቃራኒ ስለሆነ በሶዳው ፈንታ አቼቶ ይጠቀሙ። ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጥጥ፣ ቀጥሎ በአልኮል ጠርገው ያድርቁት። ስፕሪንጉ አረንጓዴ ወይም ነጭ ሆኖ ከቀረ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉት። ዝጎ የተበላ ከሆነ ጠጋኝ በቀላሉ ይቀይረዋል።

ሦስቱን ድንጋዮች ሁልጊዜ አንድ ላይ ይቀይሩ። አንድ ደካማ ከሁለት አዲስ ጋር ከገባ አዲሶቹ ደካማውን በግልባጭ ይገፉትና መጀመሪያ የሚፈሰው እሱ ነው። ድምፁን ዝቅ ማድረግ የድንጋዩን ዕድሜ በብዙ ያራዝማል፤ ሬዲዮው ብዙውን ኃይል የሚበላው ስፒከሩን ለመግፋት ነውና። ጥበቃ ቤቱ ሶኬት ካለው እና ሬዲዮው ገመድ የሚቀበል ከሆነ በመብራት ያዳምጡ፤ ያኔ ግን ድንጋዮቹን ከውስጡ ያውጡ።